ጦር ተቀባዩ አባቴ

አባቴ ጃፓንን የወደዱት በሯን ስለዘጋች ነው።

እኔ ያን ጊዜ ሐረር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓለም ታሪክ አስተምር ነበር። አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ፣ የሰው አፍ የማይገደኝ ሴት ሆኜ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ምዕራፍ የጃፓን ነው። ነገ ክፍል ውስጥ የምናገረውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ፤ አፌ ያልለመደውን ነገር ይዤ ተማሪ ፊት መቆም አልወድም። አባቴ አጠገቤ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ስለነበር ከመስማትና ከመተቸት በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

«ጃፓን የደሴት አገር ናት» አልኩ። «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ዘግታ ኖረች። የውጭ ሰው አይገባም፤ የአገሬው ሰውም አይወጣም፤ ከወጣም አይመለስም። በአንድ ወደብ ብቻ፣ ከባሕሩ ዳር ባለች ትንሽ ደሴት ላይ፣ ጥቂት የሆላንድ ነጋዴዎች ይቀመጡ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ያለ ፈቃድ ድልድዩን አይሻገሩም።»

አባቴ ቀና አሉ። «ድልድዩ ላይ በረኛ አለ?»

«ይኖራል፣ አባባ።»

«መሣሪያቸውን ማን ነው የሚቀበላቸው?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«እንግዲያው መጽሐፉን የጻፈው ሰው በር ጠብቆ አያውቅም» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

እሳቸው ጠብቀዋል። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አባቴ የፈላና በር ጠባቂዎች አለቃ ነበሩ። ሐረር በግንብ የታጠረች፣ ሲመሽ በሮቿ የሚቆለፉ ከተማ ናት። ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው ጦሩን ይዞ ወደ ጁገል፣ ወደ ግንቡ ውስጥ፣ አይገባም ነበር። ደንቡ ከአሚሮቹ ዘመን የቆየ ነው፤ አያቴ የነበሩበት ጦር ከሸዋ መጥቶ ከተማውን ሲይዝም አልሻረውም። እንዲህ ያለ የሚመች ደንብ ማን ይሽራል? ጦርህን በር ላይ ትሰጣለህ፤ ሸጠህ ገዝተህ ስትወጣ ትቀበላለህ።

«ጦር መቀበል ሙያ ነው» ይሉ ነበር አባቴ። በሁለት እጅ ትቀበላለህ። ጫፉን ወደ ሰማይ አድርገህ ከግንቡ ታስደግፈዋለህ፤ መሬት ላይ ካጋደምከው ባለቤቱን ማጋደምህ ነው። ምልክት የለ፣ ወረቀት የለ። የሰውየውን ፊት ታያለህ፣ ጦሩን ታያለህ፣ ሁለቱን በልብህ ትይዛለህ። ሲወጣ «ገበያ ቀናህ?» ትለውና ሳይጠይቅህ ትሰጠዋለህ። «ስጠኝ እስኪለኝ ከጠበቅሁማ ምኑን በረኛ ሆንኩት?» ይሉ ነበር።

ይህን ወግ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ጓዳችን ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ አንድ ጦር ቆሞ ኖሯል። በጣሊያን ጊዜ ከጭቃው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ነጻነት ሲመለስ አባቴ ግድግዳውን አፍርሰው አወጡት። ልጅ ሆኜ «የማነው?» ብዬ ብጠይቅ «የሰው ነው፤ እጅሽን እንዳታስጠጊ» ይሉኛል። የማን ሰው እንደሆነ አይናገሩም። እኔም ከጊዜ በኋላ እንደ ግድግዳው ስለቆጠርኩት መጠየቁን ተውኩት።

አባቴ የሚታጠቁት ግን ጦር አይደለም፣ ጎራዴ ነው። አያቴ ታጥቀውት ከሸዋ የመጡት ጎራዴ። ከተማው ጎራዴ መታጠቅ ከተወ ቆይቷል፤ ሰው ኮትና ባርኔጣ ለብሶ ይሄዳል። አባቴ ግን ከቅዳሴ ቀን በቀር ያለ ጎራዴ ከደጃፍ አይወጡም። ፍርድ ቤት በጎራዴ፣ ለቅሶ ቤት በጎራዴ። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ በጎራዴ ሄደው ጥርስ ነቃዩ ሰውዬ ዓይኑ ጎራዴው ላይ ተተክሎ ደህናውን ሊነቅልላቸው ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ለክፍሉ የጃፓንን የማዕረግ መሰላል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ከላይ አገሩን የሚገዛው የጦር አለቃ፣ ሾጉን፤ ከእሱ በታች አገሩን የተከፋፈሉት ባላባቶች፤ ከእነሱ በታች ሳሙራይ የሚባሉት ሁለት ሁለት ጎራዴ የሚታጠቁ ወታደሮች፤ ከዚያ በታች የሁሉንም ሆድ የሚሞላው ገበሬ። ከጁገል ልጆች አንዱ፣ አርፎ መቀመጥ የማያውቅ፣ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሳሙራይ ማለት እንደ እርስዎ አባት ነው?»

 መሬት ለአራሹ ማለት በሚያሳስርበት በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጠያቂውም ለመላሹም ጥሩ አልነበረም። የከተማው ክርስቲያን ልጆች ጫማቸውን ያያሉ፤ የገበሬ ልጆች እኔን ያያሉ።

«ልክ ነህ፤ አንድ ጎራዴ ጎደላቸው እንጂ» አልኩት።

ሳቁ ክፍሉን አናጋው። እኔም ሳቅሁ። ለምን እዋሻለሁ? አያቴ በጎራዴ ባገኙት መሬት አድጌ፣ አራሽ ባመጣው ማሽላ በልቼ ነው የተማርኩት። ይህን እያወቅሁ የጃፓንን መደብ ብቻ የማስተምር ሴት አይደለሁም።

ማታውኑ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ሁለት ጎራዴ?» አሉ ብቻ። «ሁለት ምን ያደርግላቸዋል? ሲቀመጡ አይወጋቸውም?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ምዕራፉን ገፋነው። ሾጉኖቹ ከመነሣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ከገበሬው እጅ ያለው ጎራዴና ጦር ሁሉ እንደተለቀመ ስነግራቸው፣ «ደግ አደረጉ፤ ገበሬ እርሻውን ይረስ» አሉ። የጭስ መርከቦች መጥተው በሯን በግድ እንዳስከፈቷት ስነግራቸው እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ለባዕድ አገር በር እንዲህ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም።

የአባቴ ዓይን ግን ምዕራፍ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የግራው ጭራሽ ጠፍቷል፤ በቀኙ የሰው ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። በዚያው ሰሞን ደጃፋችን ካለው ቦይ ውስጥ ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ከአንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ቆይተው ለካስ የሚያናግሩት የመብራት ምሰሶ ነበር፤ ነጋዴዋ አልፋ ሄዳለች። ሰው ሳቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አባቴ የማንም መሳቂያ ሆነው አያውቁም።

ደግነቱ ሆስፒታል አንድ የውጭ አገር ሐኪም መጥቶ ነበር። ሞራ ይገፍፋል፤ የገፈፈላቸው ሰዎች ክር ከመርፌ ያስገባሉ ተባለ። ግን ክረምት ሳይገባ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ከእሱ በኋላ ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሄጄ ቀን አስቆረጥኩላቸው።

«ጃፓን ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ፈረንጅ ነው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉና ተስማሙ።

ቀኑ ሲደርስ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው፣ ክንዴን ይዘው ሆስፒታሉ በር ደረስን። ዘበኛው ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ ነበር፣ ሐሜት አልወድም። «አባባ፣ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እዚህ ያስቀምጡት» አላቸው።

አባቴ ቆም አሉ። ደንብ ነው፤ ደንብ ይገባቸዋል። ፈቱና በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። ልጁ በአንድ እጁ ተቀበለና ከዘበኛ ቤቱ ጥግ፣ ከመጥረጊያዎቹና ከአንድ የተሰበረ አልጋ እግር መሃል፣ መሬት ላይ አስተኛው። አባቴ በቀኝ ዓይናቸው በቀረቻቸው ጭላንጭል የጎራዴውን ጥላ መሬት ላይ አዩ። ድምፁንም ሰሙ።

«አምጣው» አሉት።

ተቀብለው ታጠቁትና ፊታቸውን ወደ ቤት መለሱ። መንገዱን ሙሉ ለመንኳቸው፤ ለድንጋይ የነገርኩት ያህል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በልቤ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቤት ስንደርስ ግን በልቤ አላልኩም።

«ለእኔ ይስጡኝ። እኔ እይዘዋለሁ።»

«ለልጅ ጎራዴ የሚሰጠው ሲሞቱ ነው። ልሞት ነው የምገባው?»

«እንግዲያው ቤት ይተዉት። ለቅዳሴ ይተዉት የለም?»

«ለቅዳሴ የምሄደው እግዜር ዘንድ ነው። ሰው በምላጭ ዓይኔን ሊቀድ እኔ ባዶ ወገቤን ልተኛለት?»

«ታዲያ ይታወሩ?»

«ልታወር» አሉ። ቀለል አድርገው ነው ያሉት፤ ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ሆስፒታል ተመልሼ ሌላ ቀን ለመንኩ። ነርሷ የመጨረሻው ቀጠሮ ነው አለችኝ፤ ከእሱ በኋላ ሐኪሙ ሻንጣውን ይሸክፋል።

በዚህ መሃል ምዕራፉ ጎራዴው ላይ ደረሰ። ልዘለው አስቤ ነበር። ግን አባቴ ዱካቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ እኔም ለማንም ብዬ ታሪክ የምዘል ሰው አይደለሁም። አነበብኩላቸው፦ በሩ ከተከፈተ በኋላ ጃፓኖች ፋብሪካ አቆሙ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ባላባቶቹ መሬታቸውን ለመንግሥት መለሱ። ሳሙራዮቹ ጉንጉን ጸጉራቸውን ተቆረጡ። በመጨረሻም ጎራዴ መታጠቅ ተከለከለ።

«ለማን ሰጡት?» አሉ አባቴ።

«አዋጅ ነው የወጣው፣ አባባ።»

«አዋጅ እጅ የለውም። ሰውየው ጎራዴውን ከወገቡ ፈታ። ከዚያስ? የተቀበለው እጅ የማነው?»

አላወቅሁም። እስከ ዛሬም የሚናገር መጽሐፍ አላጋጠመኝም፤ ብዙዎቹ ዝም ብለው ቤታቸው ሰቅለውት ይሆናል። እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁምና ተናደድኩ፤ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በነጋታው የገበያ ቀን ነበር። የድሬ ጠያራው ሽማግሌ መጡ። እኚህ ሰው አያቴ የተዉልንን የድሬ ጠያራ መሬት የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ በዕድሜ ከአባቴ ቢያንሱ በጥቂት ነው። በመከር ጊዜ የመሬታችንን ድርሻ ማሽላ በአህያ ጭነው ያመጣሉ፤ ጆንያውን ራሳቸው ተሸክመው ጓዳ ያስገባሉ። በሌላ ጊዜም ለገበያ ሲመጡ ደጃችንን ሳይረግጡ አያልፉም። አባቴን ጤና ጠየቋቸውና የዓይናቸውን ነገር አነሡ። እኔ ሆዴ ሞልቶ ስለነበር ከመጥረጊያው እስከ መጨረሻው ቀጠሮ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው። 

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ጌታዬ፣ ለእኔ ይስጡኝ» አሉ።

«ለአንተ?»

«እኔ አይደለሁም እንዴ ፈላና በር ላይ ጦሬን ስሰጥዎ የኖርኩት? ጢሜ ሳይበቅል ጀምሮ። አሁን ደግሞ እኔ ልያዝልዎ።»

ይህን አላውቅም ነበር። እኚህ ሰው አባቴን ከመሬቱ በፊት በበሩ እንደሚያውቋቸው የነገረኝ የለም።

«አንተ በር ጠብቀህ አታውቅም» አሉ አባቴ።

«መጠበቅ አላውቅም። መስጠት ግን አውቃለሁ፤ የእርስዎ ችግር እሱ አይደለም?» ሽማግሌው ሳቅ አሉ። ቀጥለው ግን አልሳቁም። «ወላሂ፣ ጌታዬ፣ ጦሬን ሰጥቼ አንድ ቀን ልቤ ተረጋግቶ ገብቼ አላውቅም። ሽንኩርት ስሸጥ ጦሬን አስባለሁ። ጨው ስገዛ ጦሬን አስባለሁ። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ባይመልስልኝስ እላለሁ። አባቴ የሰጠኝ ጦር ነበር።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ከልክዬህ አውቃለሁ?»

«አንድ ቀን ብቻ» አሉ ሽማግሌው።

 እኔ የቱ ቀን ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

«አውሮፕላኑ የመጣ ቀን» አሉ።

የሆነው እንዲህ ነው፤ ግማሹን አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ነገሩኝ። ጣሊያን ሊገባ ሰሞን አንድ የገበያ ቀን አውሮፕላን ሰማዩ ላይ ታየ። ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ ባገኘው በር ተበተነ። ፈላና በር የደረሰው ጦሩን ከአባቴ እጅ እየነጠቀ ወጣ። የድሬ ጠያራው ሰው ግን ሕዝቡ ገፍቶ በኤረር በር አወጣቸው። ሲመሽ ግንቡ ላይ ተደግፎ የቀረው አንድ ጦር ነበር። አባቴ በሩን ትተው ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ።

«ጓዳዎ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ያለው እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «በየዓመቱ ማሽላውን ሳስገባ አየዋለሁ።»

«እንደምታየው አውቃለሁ» አሉ አባቴ።

እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ አያለሁ። የዓለም ታሪክ አስተማሪ ነኝ ባይዋ፣ የራሴን ጓዳ ታሪክ ሳላውቅ አርጅቼ!

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«በረኛ ሳይጠየቅ ነው የሚሰጠው ይሉ የለም?»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በር ላይ ቢሆን እጄን እዘረጋ ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ስንገናኝ ግን እርስዎ ባለመሬት ሆነዋል፤ እኔ አራሽዎ ሆኛለሁ። ከባለመሬት ጓዳ ጦር ይዤ ብወጣ ሰው ምን ይለኛል? ይሄ ገበሬ ምን አስቧል አይለኝም?»

«እኔም» አሉ አባቴ ቀስ ብለው፣ «ልሰጥህ እነሣና፣ ለአራሼ ጦር ባስጨብጥ ሰው ምን ይለኛል እላለሁ። ፈርቶ ነው ይሉኛል እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ከርሞ ይደርሳል እላለሁ።»

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዓመት ሁለት ሽማግሌ ሰዎች፣ አንዱ ጆንያ ተሸክሞ፣ አንዱ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ጦር ግራና ቀኝ ጤና ይስጥልኝ ሲባባሉ ኖረዋል። ልስቅም አሰኘኝ፤ ልጮህም አሰኘኝ። ያን ሁሉ ሰሞን «ጎራዴውን የተቀበለው እጅ የማነው?» ስንባባል፣ የሰጠው ሰው ልቡ ምን ይል እንደነበር አባቴም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ሽማግሌው ብልህ ነጋዴ ናቸው፤ ጊዜ አላባከኑም። «እንግዲህ የእኔ እርስዎ ዘንድ አለ። የእርስዎ እኔ ዘንድ ይሁን። ዓይንዎ ሲበራ፣ ኢንሻአላህ፣ እንለዋወጣለን። ካላመኑኝ ጦሬ መያዣዎ ነው።»

አባቴ ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ። «አየሽው? ሐረር ገበያ ነው ያሳደገው» አሉኝ። ወዲያው ኮስተር ብለው ደግሞ «እስቲ አያያዝህን አሳየኝ» አሉ። ሽማግሌው ተነሡና የአባቴን ከዘራ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አባቴ በጣታቸው እየዳሰሱ የእጃቸውን አቀማመጥ መረመሩ፤ ቀኝ እጃቸውንም ትንሽ ከፍ አደረጉላቸው።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምን። አባቴ ጎራዴውን ሲፈቱ ላግዛቸው ስል ገፉኝ። ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ደረታቸው ላይ አቆሙት። አባቴ ባዶ ወገባቸውን አንድ ጊዜ ዳሰሱ። ከዚያ ክንዴን ሳይዙ፣ በከዘራቸው መንገዱን እየፈለጉ፣ ገቡ።

ሥራው ቶሎ አለቀ፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ራሳቸው በአሸዋ ከረጢት ግራና ቀኝ ተይዞ፣ ሳይንቀሳቀሱ በጀርባቸው መተኛት ነበረባቸው። ቢያስነጥሱ እንኳ ይበላሻል ተብሏል። ከትምህርት ቤት እየወጣሁ እሄዳለሁ።

«ያ ሰው አለ?» ይላሉ ሁልጊዜ መጀመሪያ።

አለ። ፈላና በር አጠገብ ዘመድ ቤት እያደሩ፣ ቀን ቀን ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጎራዴው በኩታቸው ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። ገብተው እንዲጠይቋቸው ብለምናቸው «ይዤው መግባት ክልክል ነው፤ ትቼው መግባት እኔ አልችልም» አሉኝ። ለአባቴ ስነግራቸው ከፋሻው በታች ከንፈራቸው ፈገግ አለ።

«ጃፓኑን ጨርሽልኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጎራዴው ከተከለከለ በኋላ አገሩን ማን ጠበቀ?»

«ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ልጅ ሁሉ ወታደር ይሁን ተብሎ ነበር። ጠመንጃ ሰጡት።»

«ለገበሬው?»

«ለገበሬው።»

«ለዚያ ጦሩን ለለቀሙት?»

«ለልጅ ልጅ ልጁ።»

 «ፈርተውት ይሆን?» አሉ።

«ሳይፈሩ አይቀሩም፣ አባባ።»

«ሰጡት ግን።»

«ሰጡት።»

ፋሻው ሲነሣና እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሲደረግላቸው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ፣ አርጅተሻል እኮ» አሉ። ነርሷ ደነገጠች፤ እኔ ግን እየሳቅሁ ዕንባዬ ወረደ። አባቴ ያዩ እንደሆነ እንዲህ ነው የሚናገሩት።

በሩ ላይ ሽማግሌው ጎራዴውን ይዘው ቆመው ነበር። አባቴ ቀርበው ፊታቸውን መረመሩ፤ በጥላ ብቻ ሲያዩት የኖሩትን ፊት። «አንተም ሸብተሃል» አሏቸው። ሽማግሌው ጎራዴውን ሊዘረጉ ሲሉ አባቴ አስቆሟቸው። «እዚህ አይደለም። ጦርህን የተቀበልኩህ እዚህ አይደለም።»

ስለዚህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈላና በር ሄድን። አባቴ ጦሩን ራሳቸው ከጓዳ አውጥተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ቅባት ቀብተው፣ በጠራራ ፀሐይ ተሸክመውት ወጡ። ሰው ምን ይለኛል ያሉ አልመሰለኝም። በሩ ላይ ጠባቂ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሴቶች ቲማቲምና ቃሪያ ዘርግተዋል፣ አንድ ልብስ ሰፊ በመኪናው ይሰፋል። አባቴ ድሮ የሚቆሙበት ቦታ ድንች የዘረጋች ሴት ተቀምጣለች። «እመቤት፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አሏትና ቆሙ።

ሽማግሌው ከውጭ በኩል መጡ። ጎራዴውን በሁለት እጃቸው ሰጡ። አባቴ ተቀበሉት፤ ግን አልታጠቁትም፣ ለእኔም አልሰጡኝም፤ ብብታቸው ሥር አደረጉት። ከዚያ ከግንቡ የተደገፈውን ጦር አነሡ፣ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«ገበያ ቀናህ?» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቀንቶኛል» አሉ ሽማግሌው። 

ጦራቸውን ይዘው ወደ ገጠሩ መንገድ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ጦሩን የተቀበለ ሁሉ የሚዞረው ወደ ውጭ ነው። እሳቸው ግን ትከሻቸው ላይ አደረጉትና ወደ ውስጥ፣ ወደ ጁገል፣ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ገቡ። የአባቴ ቀኝ እጅ ብድግ አለ፤ ያ ደንብ የለመደ እጅ ነው። ከአየር ላይ መለሱትና መነጽራቸውን አስተካከሉበት።

ሴቶቹ ቀና ብለው አዩ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። የጦሩ ጫፍ ከሰዉ ራስ በላይ እያብለጨለጨ፣ በነጫጭ ግንቦቹ መሃል፣ ሳይቸኩል ሄደ። ልደግፋቸው ብዬ ፊታቸው ቆምኩ።

አባቴ በእጃቸው ገለል አደረጉኝና «አትጋርጂኝ፤ ልየው» አሉኝ።